«ቢታ» የተጻፈበት መብራት

ድሬሰር ጀምበሩ ሰው አያምንም። አሰበ ተፈሪ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ መሆን አለበት። ወተት ሲገዛ ሦስት ጊዜ ያሸታል፤ ደብዳቤ ሲደርሰው ከማንበቡ በፊት ማሸጊያውን ያገላብጣል፤ መርፌውን ራሱ ካልቀቀለ ማንንም አይወጋም። በዚህ በመጨረሻው ሕመምተኞቹ ተጠቅመዋል፣ አይካድም። ሚስቱ የሺሐረግ ግን «የኔ ባል ሲተኛ እንኳ አንድ ዓይኑን አይከድንም» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች። እሱም እንደምታማው ይጠረጥራል።

ጀምበሩ ጥርጣሬን እንደ ሙያ ነበር የሚቆጥረው። ለዚህ ሙያው አንድ ሕግ አለው፤ የጠረጠረውን ነገር አይጠይቅም። የጠየቀ ሰው አለማወቁን በገዛ አፉ አሳወቀ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ የፈለገ ሁሉ ይጫወትበታል ባይ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ያያል፣ ዝም ብሎ ይደማምራል፣ መልሱንም ብቻውን ይደርስበታል። ብቻውን የደረሰበትን መልስ ደግሞ ማን ያርምለት?

ኑሮው በአንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ የቆመ ነበር። እንግሊዞች አገር ለቀው ሲሄዱ ከተዉአቸው አንዷ ናት። ስትነሳ ከተማው ሁሉ የእሷን ድምፅ ይሰማል፤ አልነሳም ስትል ደግሞ የጀምበሩን። በእሷ ነው ሰኞ በደሳ፣ ረቡዕ ገለምሶ፣ ዓርብ ቦርደዴ እየዞረ የሚያክመው። እሷ ከቆመች ዙሩ ለሌላ ይሰጥና እሱ ቁስል አጣቢ ሆኖ ይቀራል። በ1956 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቦርደዴ ሲመለስ ከፊቱ የነበረ የጭነት መኪና ጠጠር አስፈንጥሮ የፊት መብራቷን ከነመስታወቱ አደቀቀው። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ከሰኔ አንድ ጀምሮ በአገሩ ሁሉ በግራ መንዳት ቀርቶ በቀኝ እንዲሆን ታውጇል፤ የከተማው ፖሊስም በዚያ ሰሞን የፊት መብራት የሌለው ተሽከርካሪ ኬላ አያልፍም ብሏል።

የመለዋወጫ ዕቃ የሚገኘው ዓሊዩ ሱቅ ነው። ዓሊዩ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ድረስ እየወረደ ዕቃ ያመጣል። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው፤ በመማሩ ደስ ስለሚለው በዕቃው ሁሉ ላይ በእርሳስ ይጽፍበታል፣ ኦሮምኛውን በአማርኛ ፊደል። ከጀምበሩ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ይተዋወቃሉ። ልጁ ረዲያ በወባ ስትንቀጠቀጥ ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጦ ያዳናትም ጀምበሩ ነው። ያም ሆኖ ጀምበሩ ወደ ዓሊዩ ሱቅ ሲገባ ኮቱን ይቆልፋል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገባ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ድሬሰር! የመብራትህን ነገር ሰምቻለሁ» አለ ዓሊዩ፣ ገና ሳይነገረው። ጀምበሩ ይህን ልብ አለ። ከየት ሰማ?

ዓሊዩ ሁለት መብራት አወጣ። አንደኛው ክፈፉ ዝጎ ቀለሙ የተላጠ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነው። ሁለተኛው ያብረቀርቃል፤ ካርቶኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ሁለቱም ከአሮጌዋ ሞተር ራስ ጋር ልክክ ይላሉ።

«ይኼን ውሰድ» አለ ዓሊዩ፣ ዝገታሙን እየገፋለት። «መልኩን አትይ። ያንን ተወው፣ ላንተ አይሆንም።»

ጀምበሩ በልቡ ሳቀ። ነጋዴ ከመቼ ወዲህ ነው ውቡን ደብቆ ዝገታሙን የሚያቀርብ? ይሄኔ አንድ ነገር አለ። የሚያብረቀርቀውን ካርቶን ቀስ አድርጎ ወደ ብርሃን አዞረው። በእርሳስ፣ በዓሊዩ ጎባጣ ፊደል፣ «ቢታ» ይላል። በጋዜጣ የተጠቀለለው ላይ ግን ምንም አልተጻፈም።

ጀምበሩ ከአንኮበር ሲመጣ ከኦሮምኛ መጀመሪያ የለመደው የገበያውን ቃል ነው። ቢታ ማለት ግዥ ነው። ይኼኛው የተገዛ ነው ማለት ነው። ታዲያ ያልተጻፈበትስ? ደመረ። ባለፈው ወር ገለምሶ ላይ የአንድ ቀያሽ ሞተር መብራት በቀን ብርሃን ተፈትቶ መወሰዱ ወሬ ነበር። የተገዛውን ለይቶ የሚጽፍ ሰው ያልተገዛ ዕቃ ቢኖረው ነው። ያልተገዛውን ደግሞ እኔን ሊያሸክመኝ!

«የምወስደው ይህን ነው» አለ ካርቶኑን ይዞ።

«ድሬሰር፣ እሱ ላይ እኮ ጽፌበታለሁ። አንብበሃል?»

«አንብቤዋለሁ!» አለ ጀምበሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ።

ዓሊዩ ትንሽ ግራ ተጋባ። የተማረ ሰው አንብቤዋለሁ ካለ ምን ይባላል? «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ጠቀለለለት። «ካልሆነህ ትመልሳለህ።»

አንድ ቃል መጠየቅ ነበር። አንድ ቃል! ጀምበሩ ግን ጥያቄውን ዋጠና ከሱቁ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ለሃምሳ አለቃ ገብሬ በጆሮው፣ ዓሊዩ ሱቅ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሞተር መብራት እንዳለና ከየት እንደመጣ ቢጣራ መልካም እንደሆነ ነገረው። ስሜ አይጠራ አለ። ከሰዓት በኋላ ዓሊዩ በገበያተኛው መካከል ሁለት ፖሊስ ግራና ቀኙን ይዘውት አለፈ። ያ ሰው ሃያ ዓመት ሲነግድ ስሙ በክፉ ተነስቶ አያውቅም፤ አሁን የጫት ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ «ሌባ ኖሯል» አሉ። ጀምበሩ በመስኮት ያየው ነበር። እራቱን ግን አልበላም፤ የሺሐረግ ምን ሆንክ ብትለው ምግቡ ጨው በዝቶታል አላት።

ሰኞ፣ ሰኔ አንድ፣ አዲሱን መብራት አስሮ በቀኙ እየነዳ በደሳ ሄደ። ሲሄድ ቀን ነውና መብራት አላስፈለገውም። ሲመለስ ግን ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር አበራው። ከመጀመሪያው አንስቶ ነገሩ አላማረውም። በእሱ በኩል ያለው የመንገዱ ጠርዝ ጨለማ ሆኖ ብርሃኑ ወዲያ ማዶ ይፈስሳል። አሰበ ተፈሪ ሊደርስ ሲል ከፊት የመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን አንባረቀና ተንገዳግዶ ቆመ።

ሾፌሩ በድሪ ነበር፣ የከተማው ልጅ። እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወረደ።

«ኧረ ድሬሰር፣ ዓይኔን አወጣኸው እኮ! ዝቅ አድርገው!»

«ዝቅ አድርጌዋለሁ።»

በድሪ ተጠጋ፤ መዳፉን ከመስታወቱ ፊት አድርጎ ብርሃኑ የሚወድቅበትን አየ። «ቢታ ነዋ! የግራ መብራት ነው። በግራ ስንነዳ ዝቅ ሲል የራስህን ጠርዝ ያይ ነበር፤ ዛሬ በቀኝ ሆነህ እኔን ያያል። እኔ የኔን ድሬዳዋ ያስለወጥኩት በዚህ አይደል?»

ጀምበሩ ሞተሩን አጠፋ። በሕይወቱ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጠረውን ጠየቀ።

«ቢታ... ግዥ ማለት አይደለም እንዴ?»

በድሪ ሳቀ። «ግዥማ ይጠብቃል!» አለና «ታ»ውን ጥርሱ ላይ ረገጥ አድርጎ አሰማው። ቀጥሎ ለዘብ አድርጎ ደገመው። «ሲጠብቅ ግዥ፣ ሲላላ ግራ። ሲናገሩት እኮ ሕፃን ይለየዋል።»

ሲናገሩት። ፊደሉ ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ ሲጽፉት ያው አንድ ነው። ጀምበሩ እዚያው አስፋልት የሌለው መንገድ ላይ ቆሞ እንደ አዲስ ደመረ። ዓሊዩ የግራውን ለይቶ የጻፈበት ማንም ተሳስቶ እንዳይወስደው ነው። ዝገታሙን የገፋለት የቀኝ ስለሆነ ነው። አፈረ፤ ፈራም። ሰው አሳስሯል።

መብራቱን አጥፍቶ፣ በቀስታ እየነዳ፣ ቤቱን አልፎ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ልናገር ብሎ ቆርጦ ነበር። ሃምሳ አለቃ ገብሬ ፋኖስ እያበራ ነው። ዓሊዩ ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ ተንጨባሯል። ጀምበሩን ሲያይ ብድግ አለ።

«መጣ! አላልኩህም፣ ሃምሳ አለቃ? አልሃምዱሊላህ፣ መጣ!»

ጀምበሩ ነገሩ አልገባውም። ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረ።

«ቀያሹ ዛሬ ጠዋት መጥቶ መብራቱን አይቶታል፣ የእሱ አይደለም» አለ ገብሬ፣ ፊቱን ሳያነሳ። «ያም ሆኖ መዝገቡ እስኪዘጋ ያለ ዋስ አልለቅም። ቅዳሜ ዋስ ጥራ ስለው እርስዎን ጠራ። ሰው ልላክባቸው ወይ ስለው፣ አይላክ፣ ሲሰማ ራሱ ይመጣል አለኝ። ይኸው ሦስት ቀኑ።» ከዚያ ቀና ብሎ ጀምበሩን ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ጠቋሚውን ያውቃል። ወረቀቱንና ብዕሩን ገፋለት።

ዓሊዩ የጀምበሩን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «ወንድሞች አሉኝ፣ ነጋዴ ጓደኞች አሉኝ። አንተን የጠራሁት ለምንድን ነው ብትለኝ፣ አንተ ማንንም አታምንም፤ ይኼን አገር ሁሉ ያውቃል። አንተ ለዓሊዩ ፈረመ ከተባለ፣ ወላሂ፣ ከእንግዲህ ማን ሌባ ይለኛል?»

ጀምበሩ ፈረመ። ብዕሩን አስቀመጠና፣ ቀና ሳይል፣ «የጠቆምኩብህ እኔ ነኝ፣ ዓሊዩ» አለ።

ዓሊዩ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለም። ቀጥሎ ሃምሳ አለቃውን አየ፤ ሃምሳ አለቃው ፋኖሱን ያስተካክላል። ዓሊዩ እጆቹን ከጀምበሩ እጅ ላይ አንድ በአንድ አነሳ፤ ኮፍያውን አራግፎ አጠለቀና ወጣ።

ቤቱ ሩቅ ነው፣ ዳገት ነው። ጀምበሩ ተከትሎ ወጥቶ «ላድርስህ» አለው። ዓሊዩ መንገዱን ቀጠለ። ሞተሩን ለማስነሳት አልደፈረም፤ እየገፋ፣ ጥቂት እርምጃ ወደኋላ ቀርቶ፣ ተከተለው። ዓሊዩ እስከ ቤቱ በር ዞር ብሎ አላየውም።