የወንድሜ የጠዋት ሰላምታ

ሎሚ ሲቆረጥ ያቅለሸልሸኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ምግብ ቤት ገብቼ አስተናጋጇ ከጥብሱ ጎን ግማሽ ሎሚ አስቀመጠችልኝ፤ ሳህኑን ገፍቼ ተነሣሁ። «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ለሰው ሁሉ ሎሚ ንጹሕ ነገር ነው። ለእኔ ግን የሚሸተኝ ጥሬ ሌጦ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ፣ እየቆራረጥኩ ከሆነ ታገሠኝ።

ታላቅ ወንድሜ የቆዳ ነጋዴ ነበር። ከኒሯቅ ገበያ የፍየል ሌጦ ገዝቶ ሰቆጣ ያመጣል፤ በግቢያችን ጥግ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ጨው እያሸ ይደራርበዋል፤ መኪና ሲገኝ ወደ ኮምቦልቻ ይጭነዋል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚያ ሌጦ ነው። ደብተሬም ጫማዬም ከዚያ የወጣ ነው። ይህን አውቃለሁ። ሽታውን ግን ጠላሁት፤ አሁንም እጠላዋለሁ። የሻገተ ስብ፣ የረጋ ደም፣ የፍየል ሽንት፣ እርጥብ ጨው። ከዩኒፎርሜ ጋር ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅ እኔ ስገባ «ፍየሏ መጣች!» ብሎ መስኮት ይከፍታል። ክፍሉ ይስቃል። መምህሩም ፈገግ ይላል።

የመጨረሻው ደህና ቀን እንደ ሌላው ቀን ነው የጀመረው። ገና ጎህ ሲቀድ ከቆርቆሮው ቤት ጨው የሚታሽበት ድምፅ ይሰማኛል፤ ሻካራ፣ የማያቋርጥ። ወንድሜ ነፋስ ሳይነሣ መጨረስ ይፈልጋል። ነፋስ ከተነሣ ሽታው ወደ ጎረቤት ይሄዳላ። ከዚያ በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ይታጠባል። መጀመሪያ በአመድ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ በመጨረሻ ሎሚ ቆርጦ ከጥፍሩ ሥር እስከ ክርኑ ይፈትጋል። ብርዱ ይቆርጣል፤ እጁ ቀይ ሥር ይመስላል። ሎሚው ሌጦውን አያጠፋውም። ይቀላቀላሉ እንጂ። ሲቀላቀሉ ደግሞ ብቻውን ከነበረው ይብሳል። ይህን ማንም አልነገረውም።

ንጹሕ ሸሚዙን ይለብስና ወደ ቁልቋሉ አጥር ይሄዳል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ግቢዋን ትጠርጋለች። በእድሜ የእናታችን ታላቅ ናት፤ የማርያም ማኅበራቸው ሰብሳቢም እሷ ነበረች።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ!»

እሷ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ትስብና ጀርባዋን ትሰጠዋለች። መጥረጊያው ብቻ ይመልስለታል። እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ የእሷን መልስ ራሱ ይጨርሰዋል። በየጠዋቱ። እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ ይህን እያየሁ የተረፈኝን ሻይ መሬት ላይ እደፋው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በጽዋው ነው። ማኅበር ታውቃለህ፤ ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተራው የደረሰው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ማኅበርተኛውን ይቀበላል። እናታችን ለዚያ ቀን ቤቱን ትለቀልቅ ነበር። ወንድሜ ሌጦ በጀመረ ዓመት ተራዋ ሲደርስ ጎረቤታችን መጣች፤ ግቢ አልገባችም፤ ደጃፍ ቆማ ነው የተናገረችው።

«ያንቺ ተራ በእኔ ቤት ይሁን። ጠላውን አንቺው ጥመቂ። እኛ እዚያ እንጠጣዋለን። አባም ሽታውን አይችሉትም።»

እናታችን እሺ አለች። እንስራውን በጀርባዋ አዝላ ወደ ማዶ ተሻገረች፤ በራሷ ዝክር በሰው ቤት ቆማ እንደ ገረድ ስትቀዳ ዋለች። ማታ ስትመለስ ነጠላዋን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ ሰው ቤት አልሄደችም። ሰውም አልመጣላትም። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ አንዳንዴ በእናቷ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ለራሷ ስታወራ እሰማታለሁ።

ወንድሜ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም። በዚያው ሰሞን ነጋዴዎችን ሰብስበው ስልጠና ሰጧቸው። አሰልጣኙ ከሩቅ የመጣ፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነበር አሉ። «ደስታ ልማድ ነው፤ መከባበርም ልማድ ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ትገነቡታላችሁ» አላቸው። ሌሎቹ ለስላሳቸውን ጠጥተው፣ አበላቸውን ፈርመው፣ እየሣቁ ወጡ። ወንድሜ ግን አምኖ መጣ። በሰቆጣ ያንን ሰውዬ ያመነው እሱ ብቻ ይመስለኛል።

«ስማ ተማሪው፣» አለኝ በዚያ ማታ፣ «ሰው የሚቀየረው በምክር አይደለም። በየዕለቱ በሚያየው ነው።»

«ሴትዮዋ የምታየው ጀርባህን ረግጣ መሄድ እንደምትችል ነው» አልኩት።

«ሰላምታው የእኔ ነው። እኔ የእኔን አደርጋለሁ።»

«ክብር የለህም፣ ወንድም ጋሼ?»

ሣቀ። ሲሥቅ ፊቱ ሁሉ ይሸበሸባል። «ክብርማ አለኝ። እማዬ ጽዋዋን በቤቷ ስትቀዳ አሳይሃለሁ፤ ያኔ ክብሬን ትቆጥረዋለህ» አለኝ።

ለዚያ ነበር። መታጠቡም፣ ሎሚውም፣ ሰላምታውም ለዚያ ነበር። እናቴ ቤት ሰው እንዲገባ።

እና በዚያ በመጨረሻው ቀን ከአጥሩ ሲመለስ ሊሮጥ ምንም አልቀረው።

«አየሃት?»

«ምኑን?»

«አፍንጫዋን አልያዘችም! ዞራለች፣ አልመለሰችም፤ ግን አልያዘችም!»

«ጉንፋን ይዟት ይሆናል።»

ትከሻዬን መትቶኝ እየሣቀ ገባ። የእጁ ሽታ ሸሚዜ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ቀፈፈኝ።

ማታ እራት ላይ ሌላ ልማድ ነበረው፤ ከዚያው ከባለ ከረባቱ የተማረው። ማዕዱ ሳይነሣ «ዛሬ ምን ደስ አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ሁልጊዜ «ምንም» ነው የምለው። እናቴ በፊት በፊት ታፍር ነበር፤ ኋላ ለመደችው። በዚያ ማታ «ጥቁሯ ዶሮ እንቁላል ጣለች» አለች። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነና የጠዋቱን ነገራት። እናቴ እጇ ወጡ ላይ ቆመ።

«እውነት አልያዘችም?»

«ማርያምን!»

«በደንብ አይተህ ነው?»

«እማዬ፣ በአይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

እናቴ ተነሥታ ግድግዳውን ዳሰሰችው፤ ልቅለቃው የተነሣበትን ቦታ። የጽዋ ተራዋ በሚመጣው ወር ነበር።

በማግስቱ ሌሊት ወንድሜ ወደ ኒሯቅ ወረደ። ሌጦ ጭነው ሲመለሱ የተሳፈረበት የጭነት መኪና አንድ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ከላይ ሌጦው ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ። አንድ ሌላ መኪና መንገድ ላይ አግኝቶ ጫናቸው። ጫናቸው የምልህ እሱንና ሌጦውን ነው። ባለመኪናው ሌጦውን ትቶ መምጣት አሳዝኖት፣ «የሟች ንብረት ነው» ብሎ፣ አንድ ላይ ጫነው። ደግ ሰው ነው። እስካሁን ልጠላው አልቻልኩም፤ ግን ያንን ጭነት ሲያወርዱ ያየሁትን ከአይኔ ላይ የሚያነሣልኝም የለም። ወንድሜን አወረዱ። ቀጥሎ ሌጦውን አወረዱ። እጁ አልታጠበም ነበር። ከቤቱ ሲወጣ አንድም ቀን ሳይታጠብ ሰው ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲያ ሆኖ ገባ። ሰዎቹም እየጮኹ፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ። አየኋቸው። አንድ በአንድ አየኋቸው።

በበነጋው ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ ደጃፍ ላይ ውሃ እያፈሰሱ እጅ አስታጠቡን፤ ንፍሮ ታደለ። ድንኳኑም ቤቱም በሰው ሞላ። የሚያስጠላኝ ይሄ ነው። ስንት ጊዜ ልንገርህ? ሞላ። መቀመጫ ጠፋ። ያ ሁሉ ዓመት ያልረገጡት ደጃፍ ጫማ በጫማ ሆነ። ለቅሶ ቂም አያውቅም ይላሉ። ማኅበርተኞቹ በሙሉ መጡ፤ እናቴን ከበው ቁጭ አሉ። መስኮት የከፈተብኝ የክፍሌ ልጅ ሳይቀር መጥቶ ንፍሮ ያኝክ ነበር፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ሳይ ልመታው ፈለግሁ።

ጎረቤታችን ከሁሉ በላይ ጮኸች።

«በየጠዋቱ እንደምን አደሩ የሚለኝ! ልጄ! ከእንግዲህ ማን እንደምን አደርሽ ይበለኝ!»

ሴቶቹ አብረው ተነፋረቁ። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። መልሱ የት ነበር? አፍሽ ያን ጊዜ የት ነበር? ልላት ተነሣሁ፤ አጎቴ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። «ዝም በል፤ ለቅሶ ነው» አለኝ።

ወደ ማታ ጩኸቱ ሲበርድ፣ ሴትዮዋ ወደ እናቴ ተጠግታ በለሆሳስ ስትናገር ሰማኋት።

«የሚመጣው ጽዋ እዚሁ ነው። ካንቺ ቤት ነው። ማንም ወደ ሌላ አይወስደውም።»

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። ብዙ አየቻት።

«ለማን ላሳየው?» አለች።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ወደ ቤቷም አልሄደችም፤ እናቴ አጠገብ መሬት ላይ ጋደም አለች።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ሽታው ቀሰቀሰኝ። ሌጦው ጨው ሳይነካው ሁለት ሌሊት አድሯል። ዝንቡ ከውጭ ይሰማል። እጥለዋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ገደል ልጨምረው። የቆርቆሮውን በር ስከፍት ሙቀቱ እንደ እስትንፋስ ፊቴ ላይ መጣ። በሩ ሥር አስመለሰኝ፤ የወጣልኝ ንፍሮ ነበር። አፌን ጠረግሁና ገባሁ። የላይኛውን ሌጦ ይዤ ስጎትተው ከእጄ ሙልጭ አለ፤ ጸጉሩ እፍኝ ሙሉ ተነቅሎ ቀረ። እሱ የመረጠው ነው፤ በገበያው መሀል ገልብጦ አይቶ፣ ዳስሶ፣ ይሄ ይሁን ያለው። መጣል አልቻልኩም። የጨዉን ጆንያ ፈትቼ ማሸት ጀመርኩ። እንዴት እንደሚታሽ አላውቅም ነበር፤ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው። ድምፁ የእሱን እስኪመስልልኝ ድረስ አሸሁ። ስቡ ጥፍሬ ሥር ገባ። እየረገምኩ ነው የሠራሁት፤ ሰፈሩን፣ ባለ ከረባቱን፣ ቁልቁለቱን፣ አንዳንዴም እሱን ራሱን።

ስጨርስ ፀሐይ ወጥታለች። አልታጠብኩም። በርሜሉን አልፌው ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

አዳዲስ ለቀስተኞች ተደርድረዋል። አገራችን እጁ የቆሸሸ ሰው መዳፉን አይሰጥም፤ የእጁን አንጓ ነው የሚዘረጋው፤ ሰላም ባዩም አንጓውን ይጨብጣል። እኔ መዳፌን ዘረጋሁላቸው። እንደ ነበረ፣ ከነ ስቡ፣ ከነ ጨዉ። ለእያንዳንዳቸው። ሀዘንተኛ ነኝና እንቢ ሊሉኝ አይችሉም። የጣታቸውን ጫፍ ሰጡኝ፤ አንዱ ክርኔን ያዘ፤ አንዷ ትከሻዬን ሳመችና እጇን በቀሚሷ ደበቀች። ፊታቸው ሲጨማደድ እያየሁ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ። ደስ አለኝ ልበልህ? ክፉ ደስታ ነበር፤ የመረረ።

መጨረሻ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ናት፤ ከእናቴ ጎን። መዳፌን አፍንጫዋ ሥር ዘረጋሁላት። ከሁሉም በላይ ቀርቤ።

በሁለት እጇ ያዘችው። መዳፏ በሥራ የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ጨዉ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ሰውነቷ ሲሸማቀቅ ተሰማኝ። አልለቀቀችም። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ አላነሣችውም። የእጄን ጀርባ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ አሸችው፣ እንደ ሕፃን እጅ።

ልነጥቃት ፈልጌ ነበር። እናቴ ታየናለች። በሴትዮዋ አጠገብ ባለው ሰሌን ላይ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እጄን ግን እዚያው ተውኩላት።