አሳንሰር የሚፈሩት እማማ

አንድ ክረምት ሙሉ እማማን በሆዴ ሳኮርፋቸው ከረምኩ። ምክንያቱ ደግሞ አሳንሰር ነው።

ከኢትዮጵያ ጎዳና ወረድ ብሎ ያለ አንድ ባለ ሰባት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ እናጸዳ ነበር፤ ሁላችንም ከጎንደር ወደ ቅድስቲቱ ምድር የመጣን ሴቶች። ሠራተኞቹ ሳይገቡ መጨረስ አለብን፤ በየፎቁም የምትመደበው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ፎቅ የሚደለድለው፣ ቁልፍ የሚይዘው፣ “ነገ እንዳትመጪ” የሚለው ያው አንድ አለቃ ነው። የሁሉ ታናሽ እኔ ነኝና ሰባተኛው ላይ መደበኝ። በር ልክፈትልሽ እያለ አብሮኝ በአሳንሰር ይወጣል። ያ ሁሉ ቦታ እያለ ይጠጋኛል፤ እጁን ወገቤ ላይ ያሳርፋል። እኔ ባልዲዬን ደረቴ ላይ አቅፌ በሩ እስኪከፈት እጸልያለሁ። አቤት እንዳልል፣ አቤት የሚባለው ለእሱው ነው። ዕብራይስጤም ለሰላምታና ለሥራ እንጂ ለዚህ አይበቃም።

ምድር ቤቱን የሚያጸዱት እማማ ነበሩ፣ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ። አንድ ጠዋት ከአሳንሰሩ እያለቀስኩ ስወጣ፣ አለቃው ደግሞ እያፏጨ ከኋላዬ ሲከተል አዩን። ምንም አልጠየቁኝም። ለብልህ አይነግሩም ይባል የለ!

በማግስቱ ጠዋት አሳንሰሩ በር ላይ ክንዴን ጨምድደው ጮኹ።

“ብቻዬን ስሆን ልቤ ይጠፋል! ምድር ቤቱንም ሰባተኛውንም ከዚች ልጅ ጋር ነው የምሠራው። እዚህ ሣጥን ውስጥ ግን ሞቼ ነው የምገባው! ንገሪው ልጄ!”

እያፈርኩ ነገርኩት። አለቃው ሳቀ፤ “ገና ከገጠራችሁ አልወጣችሁም” አለ። ሥራው እስካለቀ ድረስ ግን እምቢ ማለት አልቻለም፤ እውነተኛው ምክንያቱ ከአፉ የሚወጣ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ በደረጃ ሆነ። እማማ ክንዴን ይዘው እያለከለኩ ይወጣሉ። ከእጁ መዳኔ ደስ ቢለኝም፣ ሳቁ ያንገበግበኝ ነበር።

“እማማ፣ ይልመዱት እንጂ፤ መሳቂያ አደረጉን እኮ!”

“ይሳቁ። ሳቅ እጅ የለው።”

የእርጅና ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ይባስ ብሎ ፍርሃቱ ተዛመተ። ሌሎቹም ሴቶች “እኛም ልባችን ይጠፋል” እያሉ ሁለት ሁለት ሆነው በደረጃ ይወጡ ጀመር። አለቃው አሳንሰሩ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ለፋሲካ እማማን ልጠይቃቸው ሰፈራቸው ቂርያት መናሔም ሄድኩ። ዘንቢል ይዘው ከሕንፃቸው ደጅ አገኘኋቸው። ቤታቸው ስምንተኛ ፎቅ ነው። እንደለመድኩት ክንዴን ሰጥቼ ወደ ደረጃው ሳመራ፣

“የት ልትሄጂ? ጉልበት ተርፎሽ ነው?” አሉና የአሳንሰሩን መጥሪያ ቁልፍ ሳያዩት እንኳ ተጫኑት።

“እማማ! አይፈሩም እንዴ?”

“አሳንሰሩን? እሱ ምን አደረገኝ?”

ገባንና በሩ ተዘጋ። ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ በዚያ በደከመ ጉልበት፣ ለእኔ ኖሯል። እንባዬ መጣ። እማማ ዘንቢላቸውን ወደ እግራቸው ሳብ አድርገው ጥግ ይዘው ቆሙ፤ የቀረውን ቦታ ሁሉ ለእኔ ለቀቁልኝ።