ከኢላማው ሥር

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ የሃያ ሁለት ዓመት ልጄ ሩት ናት፤ ነርሲንግ ትማራለች፣ ቅዳሜ ደግሞ በረጅም ርቀት ኢላማ ተኩስ ትወዳደራለች። ሁለተኛው ጓደኛዬ ደምሴ ነው፤ አገር ቤት በአልሞ ተኳሽነት ሠልጥኖ ያገለገለ ወታደር ነበር፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ደግሞ አረጋውያን የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ጥፋተኛውም እኔው ነኝ። የሆነው ባለፈው መስከረም ነው። የማልረሳው ጓደኛዬን ለልጄ ማስፈራሪያ ላደርገው ስለወሰድኩት ነው።

እኔ ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ሌላውን ሁሉ ብቻዬን አንብቤ ነው ያወቅሁት፤ ለዚህ ይሆናል ያላነበብኩትንም የማውቅ የሚመስለኝ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ሰው መግደል እየተማረ ነው ብዬ ስገሥጻት ሩት "አባዬ፣ ኢትስ ጀስት ስፖርት" ትለኝ ነበር፤ ስፖርት ብቻ ነው ማለቷ ነው። እኔን ካልሰማች ደምሴን ትስማ ብዬ ከምኖርበት ከተማ ከሆፕኪንስ ተነሣሁ፣ እሱንም ኩን ራፒድስ ከሚባለው ከተማ ከቤቱ አንስቼ ወደ ውድድሩ ሜዳ ወሰድኩት።

ደምሴ ግን አላገዘኝም። ሩት ብርቱካናማ ኮፍያ አድርጋ ገላጣ ሜዳ ላይ ተኝታ ሲያያት ሳቀ።

"አንተ ጌታቸው፣ ወታደር ሆነች ብለህ ያመጣኸኝ ለዚች ነው? እኛን መጀመሪያ ያስተማሩን አለመታየት ነው። ቀኑን ሙሉ ሣር ለብሰህ ትተኛለህ፤ ዝንብ ዓይንህ ላይ ብታርፍ አታባርራትም። አንድ ተኩሰህ ቦታ ትለቃለህ። ለእነዚህ ርቀቱ ተለክቶላቸዋል፣ ለነፋሱ ባንዲራ ተተክሎላቸዋል፣ ስድሳ ጥይት አንድ ቦታ ተኝተው ይተኩሳሉ!"

"ጋሼ ደምሴ፣ ስድሳውንም መሐሉን ትመታለህ?" አለችው።

"ማን ስድሳ ዕድል ሰጥቶኝ!"

ሳቃቸው አናደደኝ።

በዚያ ሜዳ ልማድ ተወዳዳሪዎችና አብረዋቸው የመጡ ሰዎች በየተራ ከኢላማው ሥር ወዳለው ጥልቅ የኮንክሪት ቦይ ይገባሉ። ኢላማውን ያወርዳሉ፣ ጥይት የበሳው ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ መልሰው ያወጡታል። ጥይቱ ከራስ በላይ ስለሚያልፍ ታች ለቆመ ሰው አደጋ የለውም። ተኩሱ ሳይቆም ግን መውጣት አይቻልም። ፈቃደኛ ሲጠየቅ "እኛ እንገባለን" አልኩ። ደምሴ ተከትሎኝ ወረደ።

የመጀመሪያው ጥይት ከላያችን እንደ ጅራፍ ጮኸ። ደምሴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

"ምነው?" አልኩት።

"እዚህ ጋ ቆሜ አላውቅም" አለ። ወደ ላይ እያየም፣ "የሳትኳቸው ሰዎች የሰሙት ይሄንን ነው" አለ።

ከዚያ "አስወጣኝ" ማለት ጀመረ። ፊቱ በላብ ርሶ ነበር። ወገቤ ላይ ሬዲዮ አለ፤ "ሲዝ ፋየር" ካልኩ ተኩሱ ወዲያው እንደሚቆም ተነግሮኛል። አላልኩም። ልጄ ምን ትለኛለች፣ ፈረንጆቹስ ሁለት ሐበሾች ፈሩ አይሉም ወይ ብዬ አሰብኩ። "ትንሽ ነው የቀረው፤ ወንድ አይደለህ እንዴ?" አልኩት። ኢላማውን ብቻዬን እያወረድኩና እያወጣሁ የቀረውን እቆጥር ነበር። ገና ሃያ ሁለት ጥይት ይቀር ነበር።

በድንገት ተነሥቶ ወደ ደረጃው ሮጠ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጃኬቱን ያዝኩት። ክርኑ አፌን መታው፤ ተያይዘን ወደቅን። በላዩ ተኝቼ ሬዲዮውን ጨበጥኩና ጮኽኩ፤ የወጣልኝ ግን እንግሊዝኛው አልነበረም።

"አቁሙ! ስለ እግዚአብሔር፣ አቁሙ!"

ስድስት መቶ ያርድ ርቀው ከቆሙት ሁሉ ይህን የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሩት ከዳኛው ሬዲዮ ድምፄን ሰምታ "ሲዝ ፋየር!" ብላ ጮኸች። ተኩሱ ቆመ። ወደ እኛ መጣች እንጂ ወደ ጠመንጃዋ አልተመለሰችም።

ጠመንጃ መያዟን ዛሬም አልወደውም፤ እሷን ግን ያለ አግባብ ፈርጄባት ነበር። አደገኛው ሰው ሬዲዮ ወገቡ ላይ ይዞ ዝም ያለው ነበር። ሰው "አስወጣኝ" ሲላችሁ ወንድነቱን አትጠይቁት፤ አስወጡት።

ድምሩ ይኸው ነው፦ ከእኔ ሁለት የፊት ጥርስ፣ ከሩት አንድ ውድድር። ደምሴ ቫን መንዳቱን ትቷል። ሩት ትጠይቀዋለች፤ እኔ ስደውል አያነሣም። ከእሱ ምን ያህል እንደሄደ አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፊት የለኝም።