የላዩም የታቹም ይቀመጥ

ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ ዌስትላንድስ በሚባለው ሰፈር ባለች ትንሽ ላብራቶሪ ከሻጋታ መድኃኒት ያወጡ ነበር። ትምህርቴን ስጨርስ እኔም እዚያው አብሬያቸው ሠራሁ።

ሻጋታው ያደገበትን ውሃ ከእሱ ጋር ከማይዋሃድ ፈሳሽ ጋር በብርጭቆ ዕቃ ይንጡትና ያስቀምጡታል። ሲረጋ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ውሃው ከታች፣ ሌላው ከላይ። መድኃኒቱ ወደ ላይኛው ይሻገራል ተብሎ ይጠበቃል። ጋሼ ግን የታችኛውንም አያስደፉም።

"የትኛው ውስጥ እንዳለ ሳታውቂ አንዱንም እንዳትደፊ" ይሉኛል፣ በየቀኑ፣ አዲስ ነገር እንደሚነግር ሰው። ይሰለቸኝ ነበር።

አንድ ቀን የላይኛውን ስንመረምረው ባዶ ሆነ። ወደ ላይ እንዲሻገር የምንጨምረው አሲድ አንሶ ኖሮ መድኃኒቱ ከውሃው ጋር ታች ቀርቷል። ጋሼ ያስቀመጡትን ውሃ ከመደርደሪያው አወረዱ፣ አሲድ ጨመሩበትና እንደገና መናጥ ጀመሩ።

ጋሼ አርፈው አርባቸው ካለፈ በኋላ ኢስትሊ ሰፈር ያለውን ቤታቸውን ለአከራዩ ለማስረከብ ከታላቅ እህታቸው ከእትዬ ጋር አጸዳን። እትዬ ዕቃውን በሁለት ማዳበሪያ ከፈሉት፤ አንዱ የሚቀመጥ፣ አንዱ የሚጣል። በሚጣለው ውስጥ በፕላስተር የተጠገነ የጋሼ መነጽርና አሲድ የበላው ጋዋናቸው ነበሩ።

"በይ ልጄ፣ የቆሻሻው መኪና ሳያመልጥሽ ይሄን አውጪው" አሉኝ።

ተሸክሜው በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

"እትዬ፣ ይሄም ይቆይ።"

"ምን ያደርግልሻል?"

ሁለቱንም ማዳበሪያ በማታቱ ታክሲ ጭኜ ቤቴ ወሰድኳቸው። እስካሁን በሩ አጠገብ እንደቆሙ ናቸው። ጋሼ የትኛው ውስጥ እንዳሉ ገና አላወቅኩም።