ወፍ አልመጣም

ቡታጅራ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ወለተ ሐና የምትባል ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ባሏ ተካ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ አንዲት ሴት ልጇን ያሳደገችው በጣቶቿ ነው። ሙሽራ ሲዳር፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ መስቀል ሲቃረብ የከተማው ሴቶች ደጇ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ደንበኛዋን መሬት ላይ ታስቀምጥና ከኋላዋ በርጩማ ላይ ሆና፣ የሴቲቱን ራስ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ፣ ጠጉሯን በሚዶ እየከፈለች ትጎነጉናለች። ሰው ፊቱን ለሁሉም ያሳያል፣ አናቱን ግን ለሹሩባ ሠሪ ብቻ ነው ትል ነበር። ጭንቀት ጠጉሯን ያሳሳባትን ታውቃለች፤ ባል ይዞ የነጫትን ታውቃለች። አውቃም ዝም ትላለች። ሴቶቹ የሚወዷት ለእጇ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ዝምታዋም ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ግድም፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ወይዘሮ ዓለምዘውድ አንዲት ልጅ አስከትላ መጣች። ወይዘሮ ዓለምዘውድ የነጋዴው የአቶ ገብረወልድ ሚስት ናት። ገብረወልድ እዚሁ ቡታጅራ አንድ ሱቅ፣ መርካቶ ሌላ ሱቅ፣ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ የጭነት መኪናም ነበረው። ልጅቷ ወይንሸት ትባላለች። ከቡኢ አጠገብ ካለ ገጠር፣ ከሩቅ ዘመዳቸው ከእናቷ ቤት፣ እናስተምራታለን ብለው ያመጧት ናት። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያን ጊዜ በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ አናቷን ተላጭታ፣ ዙሪያውን ብቻ አስቀርታ፣ ጋሜ ነበር የምትሆነው። ወይዘሮ ዓለምዘውድ ግን አናቷን የሚሸፍን ሹሩባ ይሠራላት አለች፤ ከተሜ ትምሰል ብላ መሆኑንም ጨመረች። ወለተ ሐና የባለጸጋ ቤት አምሮት መስሏት ሳቀች።

ሳቋ የቆየው ጠጉሩን እስክትከፍል ነበር። አናቷ ላይ ክብ ክብ ጠባሳዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ገና አልሻረም። ሁሉም የአንድ ማንኪያ ጀርባ ያህላሉ። እሳት ላይ የወደቀች ልጅ እንደ ወደቀች ትቃጠላለች እንጂ እንደ ማኅተም እየተለካ አይመታባትም። ወይዘሮዋ ማንም ሳይጠይቃት "ምድጃ ላይ ወድቃ ነው" አለች። ወለተ ሐና ከንፈሯን መጠጠችና ቁስሉ አጠገብ ያለውን ጠጉር አላልታ ጎነጎነች። ልጅ ሁሉ ሹሩባ ሲሠራ ያለቅሳል። ወይንሸት ግን አላለቀሰችም፤ ትንፋሿን ይዛ ጨረሰች። ከጠባሳው ይልቅ ወለተ ሐናን እንቅልፍ የነሣት ይህ ነበር።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ የምትባል አንዲት ወጣት ተመድባ መጥታ ነበር። እሌኒ ትባላለች፤ ትውልዷ ጎንደር ነው። ሥራዋ ከቤት ቤት እየዞሩ ስለ ልጆች አያያዝ እናቶችን ማስተማር ስለሆነ ከተማው "የመንግሥት ጎረቤት" የሚል ስም አወጣላት። ጎረቤት እሳት ትጭራለች፣ እሷ ወሬ ነው የምትጭረው ብለው ሳቁባት። እሌኒ ትምህርት ቤት ሄዳ ሳለ የወይንሸት የእጅ አንጓ አብጦ አየች። ልጅቷን ብትጠይቃት ዝም፤ ወደ ገብረወልድ ቤት ብትሄድ በክብር ተቀብለው አስቀመጧትና ወድቃ ነው አሏት። ጎረቤቶችን ጠየቀች። አንዷ ተኝቼ ነበር አለች፤ ሌላዋ ጆሮዬ ከባድ ነው አለች፤ ሦስተኛዋ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም አለች። ፖሊሶቹም ከሳሽና ምስክር አምጪ ብለው መለሷት። በመጨረሻ የልጅቷን ሹሩባ ማን እንደ ሠራው አጠያይቃ ወለተ ሐና ደጅ መጣች።

"እትዬ፣ የወይንሸትን ጠጉር የሠራሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። ምን አየሽ?"

"ጠጉር ነዋ።"

"ከጠጉሩ ሥርስ?"

ወለተ ሐና ሚዶዋን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ ቆየች። "ፍርድ ቤት ቆሜ አልመሰክርም፣ ልጄ። ነገ ልጄን የምድረው ከዚሁ ሰው ጋር ነው። ወፍ ሁኚ ካልሽኝ ግን እሆናለሁ።"

እሌኒ በትምህርቷ ስለ ወፍ አልሰማችም ነበርና ወለተ ሐና አስረዳቻት። አድራጊው ያልታወቀ ጥፋት ሲፈጸም አውጫጭኝ ይጠራል። ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጉባኤው ሳይዘጋ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሽማግሌዎች ይመረጡና ይምላሉ። ያየ ሰው ከሽማግሌዎቹ ወደ አንዱ ተደብቆ ሄዶ ያየውን ይነግረዋል። ሽማግሌውም በጉባኤው መካከል ቆሞ "ወፍ ነገረኝ" ይልና ቃሉን ያወጣዋል። የወፏን ስም ግን ለሚስቱም፣ ለነፍስ አባቱም አይናገርም፤ ይዞት ይቀበራል። እሌኒ ይህን ከሰማች በኋላ፣ ምንም ቢመጣ እሷም የወለተ ሐናን ስም ላታነሣ ቃል ገባች።

የአጥቢያ ዳኛው አቶ ያረጋል ከሰሜን የመጣ ሽማግሌ ነበር። እሌኒ አውጫጭኝ ይጠራልኝ ስትለው ሳቀ። አውጫጭኝ ለተሰረቀ በሬና ለተቃጠለ ቤት እንጂ ለልጅ ገላ ተጠርቶ አያውቅም አላት። እሌኒም ልጅቷ በሬ ብትሆን ኖሮ ትጠሩላት ነበር ማለት ነው አለችው። ያረጋል ሳቁን ተወና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ሽማግሌዎች እንዲምሉ፣ ሰኞ ያገሩ ሰው እንዲሰበሰብ አዘዘ።

ከአምስቱ አንዱ አቶ ገሠሠ ነበር። የወለተ ሐናን ልጅ ክርስትና ያነሣችው የገሠሠ ሚስት ናት፤ እሱም በአበልጅነት ከዘመድ ይቀርባታል። ተካ ሲሞት ሬሳውን ከመንገድ አንሥቶ ቤቷ ያደረሰውም እሱ ነው። ወፍ የምታምነው ዛፍ ላይ ነው የምታርፈው። አራቱን ሽማግሌዎች አላሰበቻቸውም፤ እሑድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጓሮ በኩል ዞራ ወደ ገሠሠ እንሰት መካከል ገባች። ያየችውን ሁሉ በአፍ መፍቻቸው በክስታንኛ ነገረችው። የጠባሳውን መጠን በጣቷ አሳየችው፤ ልጅቷ እንዳላለቀሰችም አልደበቀችው። ገሠሠ የእንሰት ቅጠል እየሸረከተ እስከ መጨረሻው ሰማት።

"ቃልሽን ተቀብያለሁ" አላት። "ስምሽ ከእኔ ጋር ይቀበራል።"

በማግስቱ ከከተማው ዳር ያለው ሜዳ በሰው ሞላ። ገብረወልድ ነጭ ኩታ ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ወይዘሮ ዓለምዘውድ አጠገቡ ነበረች፤ ወይንሸት ከኋላዋ ቆማ የጥላውን ዘንግ በሁለት እጇ ይዛ ታጠላላታለች። ያረጋል ጉባኤውን ካስማለ በኋላ ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ ጠየቀ። የመጀመሪያው ወደ እኔ የመጣ ወፍ የለም አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚሁ። ወለተ ሐና አልደነገጠችም፤ የሄደችው ወደ አምስተኛው ነበርና። እንዲያውም የገሠሠ ተራ ሲደርስ ለልጅቷ እፎይ አለች።

ገሠሠ ተነሣ። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

"ወፍ አልመጣም" አለ።

ወለተ ሐና ይቀጥላል ብላ ጠበቀች። ገሠሠ ግን ተቀመጠ። ወደ እሷ አልተመለከተም። የገሠሠ የበኩር ልጅ መርካቶ በገብረወልድ ሱቅ እንደሚሠራ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ከመሐላ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነገር መሆኑ ግን እስከዚያች ሰዓት አልታያትም ነበር።

ያረጋል እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ልጅቷም እንደ ነበረች ከአሳዳጊዎቿ ቤት ትኖራለች ብሎ ሊዘጋ አፉን ከፈተ። እሌኒ ከዳር ተቀምጣ ነበር። የወለተ ሐናን ስም ጠርታ ነገሩን ማስቆም ትችላለች፤ ነገር ግን ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች እንጂ አልተናገረችም። ከትናንት ወዲያ ያወቀቻት የሰው አገር ልጅ ቃሏን ጠበቀች፤ አበልጇ ቃሉን በላ። ወለተ ሐና ይህንን ስታይ ሳታስበው ተነሥታ ቆመች።

"ወፍ መጥቷል" አለች። "ትናንት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በአቶ ገሠሠ እንሰት ውስጥ። ወፏ እኔ ነኝ፤ የወይንሸት አናት ላይ የጋለ ማንኪያ ጠባሳ አይቻለሁ።"

ሜዳው እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ "ወፍማ ከሆንሽ ብረሪና እንይሽ" አለና ሰው ሳቀ። ያረጋል በከዘራው መሬቱን መትቶ ጸጥ አሰኛቸው። ራሷን የገለጠች ወፍ ወፍ አይደለችም፣ ምስክር ናት፤ ያለችውን ካላስረዳች በስም ማጥፋት ትጠየቅበታለች አላት። ገሠሠን መጥታ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ገሠሠ ሴትዮዋ በጓሮዬ አልፋ ይሆናል፣ የሰማሁት ነገር ግን የለም አለ።

ወይዘሮ ዓለምዘውድ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። "ጠጉሯን የሠራች እሷ፣ ቁስል አየሁ የምትል እሷ። በሚዶዋ ወግታት እንደ ሆነ በምን እናውቃለን?"

ወለተ ሐና ለእሷ አልመለሰችም። ሣሩ ላይ ተቀመጠችና "ወይንሸት፣ ነዪ ልጄ" አለች።

ልጅቷ እመቤቷን አየች፤ ሜዳውን አየች። ከዚያ ጥላውን አጥፋ መሬት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችና መጣች። ወለተ ሐና እንደ ልማዷ በጉልበቶቿ መካከል አስቀመጠቻት፤ ራሷ የጎነጎነችውን ከጫፉ ጀምራ አንድ በአንድ ትፈታው ጀመር። ሹሩባ መፍታት ጊዜ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ የሚቀልዱ ነበሩ፤ በኋላ ቀልዱ አለቀባቸው። አናቷ ሲገለጥ አዲስ ክብ ታየ፤ እሷ ስትሠራት ያልነበረ፣ በሹሩባዎቹ መስመር መካከል በልክ የገባ። ወለተ ሐና ሽማግሌዎቹን መጥታችሁ እዩ አለቻቸው። አራቱ ተነሥተው መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ አንደኛው ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። ገሠሠ ካለበት አልተነሣም። ማየት አላስፈለገውም፤ ነግራዋለች።

ልጅቷ በያረጋል ውሳኔ ያን ዕለት ከዚያ ቤት ወጣች። እሌኒ ራሷ ይዛት ሄዳ ቡኢ ለእናቷ አስረከበቻት። ክስ ይመሥረት ብላ ደጅ ብትጠናም ነገሩ በሽምግልና ተዳፈነ፤ ገብረወልድና ሚስቱ ይቅርታ ጠየቁ ተባለ እንጂ የታሰረ አልነበረም። ክረምቱ ሳይወጣ እሌኒን ወደ ወልቂጤ አዛወሯት። ልትሰናበት መጥታ የወለተ ሐናን ጉልበት ልትስም ስትል ወለተ ሐና ትከሻዋን ይዛ አነሣቻት።

ከተማው ወለተ ሐና ዋሸች አላለም። እውነት መናገሯን ሁሉም አይቷል፤ የፈሯትም ለዚህ ነው። ያየችውን የምትናገር ሹሩባ ሠሪ ጉልበት መካከል ራሱን የሚያስቀምጥ ማን ነው? ደጇ ላይ የነበረው ተራ ሳሳ፣ ከዚያ ጠፋ። መንገድ ላይ ስታልፍ "ወፏ" የሚሏት ነበሩ። መስቀል ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ያሉ ወንዶች ሁሉ ወዳገራቸው ሲገቡ፣ ሴቶቹ ወደ ሌላ ሠሪ ሄዱ። በመስቀል ሰሞን ወደ እሷ የመጣች አንዲት ደንበኛ ብቻ ናት፤ ወይንሸት፣ ከእናቷ ጋር ከቡኢ።

ወለተ ሐና ልጅቷን ይዛ ደጅ ተቀምጣ ሳለ ገሠሠ መጣ። በመስቀል አበልጅ አበልጁን ሳይጠይቅ አይውልም፤ እሱም እንደ ወጉ ሥጋ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ወለተ ሐና ልጇን ጠርታ በርጩማ አስወጣችለት፤ በመስቀል እንግዳ አይመለስምና ቆጮና ክትፎ አቀረበችለት። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ገሠሠ የተቀመጠው ፊት ለፊቷ ስለሆነ የወይንሸት አናት ከዓይኑ ሥር ነው። ጠጉር የማይበቅልባቸው ክቦች ነጥተዋል። ወለተ ሐና አልሸፈነቻቸውም፤ በመካከላቸው እየከፈለች ትጎነጉናለች።

"ላንቺ ብዬ ነው" አላት ገሠሠ በክስታንኛ። "ወፍ ነገረኝ ብል አናቷን ማን አየ ይላሉ። ካንቺ በቀር ማን አለ? ስምሽን ባልጠራውም መጥራቴ ነበር።"

ወለተ ሐና አሰበችበት። እውነት ነው። ያላሰበችው እሷ ናት፤ ወፍ የሚሸሸገው ብዙ ዓይን ያየውን ሲናገር እንጂ አንድ ሰው ብቻ የሚያየውን ሲናገር አይደለም።

"ይህንን እንሰቱ ውስጥ ቆመን ሳለ ለምን አልነገሩኝም?" አለችው። "ወይ ሌላ ሽማግሌ እፈልግ ነበር፣ ወይ ከመጀመሪያው ራሴ እቆም ነበር።"

ገሠሠ እጁን ወደ ገበታው ሰደደ። ቆጮውን ቆርሶ በእጁ ያዘ።

"መርካቶ ያለው ልጅዎ ለመስቀል ገባ?"

"ገባ።"

"ደኅና ነው?"

"ደኅና ነው።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ወለተ ሐና። ደግማ ወደ ጠጉሩ አጎነበሰች። "ይብሉ እንጂ፣ አቶ ገሠሠ።"

ልጇ ክርስትና ከተነሣች ጀምሮ "አበልጄ" እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ገሠሠ የቆረሰውን ወደ አፉ ሳያደርስ መለሰው። ጥቂት ተቀምጦ ተነሣና እንኳን አደረሰሽ ብሎ ወጣ። ወይንሸት ራሷን ቀና አድርጋ ልታየው ስትል ወለተ ሐና በመዳፏ ቀስ ብላ መለሰቻትና፣ አትንቀሳቀሺ፣ መስመሩ ይጣመምብኛል አለቻት።