ባለ አንድ ጎማው ቃሬዛ

ለሰፈራ በጫኑን ምሽት አሊ አንድ እግሩን መሬት ላይ እንደተከለ ነበር። ሚስቱ ጦይባ ከመጠለያው ወርዳ ውኃ ልትቀዳ ሄዳለች። «ትንሽ ጠብቁኝ፣ መጣች» ሲል፣ ጫኙ «ሌላ መኪና አለ፣ ከኋላ ትደርሳለች» ብሎ እግሩን አንስቶ አቀበለን። እኛም ተቀበልነው። እኔ ረሃቡ ተማሪዎቼን በትኖ ትምህርት ቤቴን የዘጋብኝ መምህር ነበርኩ፤ ልጆቹ የሄዱበት ልሂድ ብዬ ነው የተሳፈርኩት። ጦይባ ከኋላ አልደረሰችም።

ወሎ ላላችሁት ያወረዱንን አሶሳን ላስረዳ። ሙቀቱ ከፀሐይ ሳይሆን ከመሬት የሚነሳ ይመስላል። ዝናቡ ከጀመረ የእኛ በልግና ክረምት ተደምረው አያክሉትም። የአገሩ ተወላጆች፣ የበርታ ጎረቤቶቻችን፣ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ይበላሉ፤ መጀመሪያ ሲዝለገለግ አይተን ፊታችንን አዙረን ነበር፣ ዛሬ ግን ሳይጠሩኝ እሄዳለሁ።

አገር ቤት ሰው ሲታመም ቅሬው፣ የመንደሩ መረዳጃ፣ ይጠራል። አራቱ ቃሬዛውን ይሸከማሉ፣ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ይከተላል። ተከታዩ የበዛለት፣ ወገን ያለው ይባላል። በሰፈራ አምባችን ግን ወደ ጋራ እርሻው የምንወጣው በደወል ነው፣ ስም ይጠራል። የአምባው ካድሬ «ለአንድ በሽተኛ አንድ አድራሽ» ብሎ ደነገገ። አንድ ሰው ደግሞ ቃሬዛ ብቻውን አይሸከምም። በወባ የወደቀው ሁሉ እየተደገፈ ወደ ክሊኒኩ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ መንገድ ላይ የቀሩ አሉ።

አሊ አናጢ ነበር። የቀርከሃ ቃሬዛ ሠርቶ ከሥሩ የተሰባበረ ጋሪ ጎማ ገጠመለት። አንድ ሰው ብቻውን ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የታመሙት ሽማግሌ፣ አያ ሰይድ፣ ግን አልተኛበትም አሉ።

«ሰው እንደሌለኝ በአንድ ሰው ልገፋ?»

አሊ ሄዶ በግራና በቀኝ አራት እጀታ ጨመረበት። ለእርሻ የማይጠሩትን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ «እጃችሁን ብቻ ጣል አድርጉ፣ ክብደቱን ጎማው ይችለዋል» አላቸው። አያ ሰይድ ታጅበው ሄዱ፣ ድነውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እምቢ ያለ የለም።

በዚያው ሰሞን አንድ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢ ቁስ አዲስ ነገር ለሚፈጥሩ ሰፋሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ ማዕከል አጠገባችን ከፈተ። ድጋፉ መሣሪያና ምክር ነው፤ የተመረጠ ደግሞ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ይሄዳል። ሁሉንም በቅደም ተከተል ለአሊ አስረዳሁት። የሰማው የመጨረሻውን ብቻ ነበር።

«አዲስ አበባ ከደረስኩማ ደሴ ምን ቀራት፣ ወንድምዋ? ጦይባን እፈልጋታለሁ።»

የማዕከሉ ኃላፊ ቃሬዛውን ዞር ዞር ብሎ አየው።

«እነዚህ እጀታዎች ምን ይሠራሉ?»

«ሰዎች ይይዟቸዋል።»

«የሚገፋው አንድ አይደል?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ ሌሎቹ ምን ያደርጋሉ?»

«አብረው ይሄዳሉ» አለ አሊ።

«ትርፍ ክብደት» ብሎ አራቱንም አስቆረጣቸው። ቃሬዛው ተመረጠ።

ካድሬው ቢሮ ስንገባ ከመቀመጫው ተነስቶ ጨበጠን።

«እንኳን ደስ ያለህ ጓድ አሊ። ቃሬዛው ይሄዳል።»

«እኔስ?»

«አንተን ማን ይመልስሃል? ባለትዳር ቢሄድ ለሚስቱ ሲል ይመለሳል። አንተ እዚህ ሚስት የለህም።»

«እሷን ፍለጋ እኮ ነው የምሄደው።»

«አየህ? አንተው አመንክ።»

«እኔ ዋስ ልሁነው» አልኩ።

«አንተስ ሚስት አለህ?»

ቃሬዛው ብቻውን ተጭኖ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አሊን ወባ ጣለው። አራት ሰው እንዲፈቅድልኝ ካድሬውን ለመንኩት። «ደንቡን ታውቃለህ» አለኝ። አዘልኩት። አያ ሰይድና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከቤታቸው ወጥተው ተከተሉን። እየተፈራረቁ እጃቸውን ጀርባው ላይ ጣል ያደርጉ ነበር፣ እሱ እንዳስተማራቸው።

«ስንት ናቸው?» አለኝ በጆሮዬ።

«ብዙ ናቸው።»

ክሊኒኩ ሳንደርስ ትንፋሹ ከአንገቴ ላይ ጠፋ። ከአዲስ አበባ የምስክር ወረቀት መጣ፤ ማዕከሉ በመስተዋት አድርጎ ሰቀለው።

ጦይባን እንዲያፈላልግ ደሴ ላለው አጎቴ ቀደም ብዬ አደራ ብዬው ነበር። አሊን ከቀበርን በኋላ «ተገኘች፣ በስልክ አነጋግራት» የሚል መልእክት ደረሰኝ። አሶሳ ቴሌ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። የምላትን በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር።

«አሊ?» አለች።

«መምህሩ ነኝ።»

«እሱስ? ደህና ነው?»

«አንድ ቃሬዛ ሠርቶ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ።»

«እሱም አብሮ ሄደ?»

«አይ፣ አልሄደም። ጦይባ፣ አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም። አጎትህ ሥራ አለው፣ ብቻዬን ነው የመጣሁ።»

ብቻውን ላለ ሰው እንዴት ይነገራል? ያዘጋጀሁትን ተውኩት።

«ነገ በዚሁ ሰዓት ተመለሺ» አልኳት። «ሰው ይዘሽ ነይ። ሴቶች ይኑሩበት፤ የቅሬ ሰዎችም ካገኘሽ።»

ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው የቴሌ ሠራተኛ ጨርስ እያለች በእጇ ትጠቁመኛለች።

«መምህር» አለች ጦይባ፣ «ለምንድነው ሰው የምይዘው?»