መስኮቱ የተዘጋው ለልብሱ ነበር

ሰፈርተኛው «እድፍ አይምሬ» ይለው ነበር። ጉልበቱን የጨረሰው ደረቅ እጥበት ቤት ውስጥ ነው፤ ግራሶ ቢሉት ቀለም ቢሉት፣ ከእሱ እጅ የሚያመልጥ እድፍ አልነበረም። ደንበኛ የሚስተናገድበት የፊቱ ክፍል ሰፊ ነው፤ እሱ የሚሠራባት የጓሮዋ ክፍል ግን ጠባብ ነች። መስኮቷም ከዓመት ዓመት አይከፈትም፤ የመንገድ አቧራ ገብቶ የጸዳ ልብስ ላይ እንዳያርፍ። እዚያ ውስጥ አፍንጫ በሚሰነፍጥ ፈሳሽ ጨርቁን እየነከረ በባዶ እጁ ሲያሽ ይውላል። ማታ ሲገባ ሚስቱ ያንን ሽታ ትወደው ነበር። «የንጹሕ ሰው ሽታ» ትል ነበር፣ ሞኟ።

ኋላ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እግሩም ደጃፍ ላይ ሲደርስ መሬት የያዘው ይመስል ተተክሎ ይቀር ጀመር። ያ ሳቂታ ፊቱ እንኳ ደረቀ። ሐኪም ቤት ፓርኪንሰን ነው ብለው ክኒን ሰጡት። ሚስት ሆዬ፣ አንጀቱን እንዳይልጠው ብላ በወተት ታስውጠዋለች፤ ከላዩ እንቁላል። መድኃኒቱ አልሠራ አለ። እሷ ደግሞ ደከመው ብላ ወተቱን ጨመረች።

አንድ ቀን የእጥበት ቤቱ ባለቤት ወተት ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

«እርጅና እኮ ነው ጋሼ፤ ለማንም አይቀርም።»

«ገና ስልሳ ሳይሞላው ምን እርጅና አለ?» አለች ሚስት።

«አይቆጡ እትዬ። ቦታው ክፍት ነው፤ ለባዳ ከምሰጠው ልጃችሁ ትግባበት ብዬ ነው። የአባቷ እጅ አላት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ባል ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሙያው ሜዳ ላይ ሊቀር ነው ብሎ ሲብሰለሰል ነበርና «ትግባ» አለ። በቤታቸው እሱ አንዴ ከተናገረ አለቀ ማለት ነው። ልጅቱ ገባች። ማታ ማታ ራሷን ይዛ ትመለሳለች።

በቀጠሮው ቀን ባልና ሚስት ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ነች።

«ክኒኑን በምንድን ነው የሚውጡት?»

«በወተት ነዋ!» አለች ሚስት ቀድማ። «በባዶ ውሃ ላሰቃየው እንዴ?»

«እናቴ፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው ከመድኃኒቱ ጋር በር ላይ ይጋፋሉ። እነሱ ገብተው መድኃኒቱ ውጪ ይቀራል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በውሃ ይዋጠው። ወተቱን አይከልክሉት፤ ወደ ማታ ያድርጉለት። ሆዱ እንዳይደርቅም አትክልት ያብሉት፣ ውሃ ያጠጡት።»

ቀጥላ ሥራውን ጠየቀችው። እሱም እየኮራ ነገራት፤ መስኮቱንም ሳይተው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«የእርስዎን በሽታ ያ ፈሳሽ አመጣው ብዬ መማል አልችልም። በሽታው መነሻው ብዙ ነው፤ ሰውየው ሳያውቀው ዓመታት ቀድሞ ይጀምራል። ግን አንዳንድ የእድፍ ማስለቀቂያዎች፣ እንደ አንዳንድ የተባይ መርዞች ሁሉ፣ ይጠረጠራሉ። አሁን እዚያ ክፍል ማን አለ?»

ባልና ሚስት ተያዩ።

መንገዱን ሙሉ ሚስት አላረፈችም። «ለኮት! የሰው ኮት አቧራ እንዳይነካው! የአንተን ትንፋሽ ያሰበ አንድ ሰው ይጥፋ? እኔስ ብሆን፣ ሽታውን ስስም የኖርኩ!» ማታ ልጅቱን ቅሪ ቢሏት፣ «ሰው እስኪተካ ልታገሥ» ብላ መሄዷን አልተወችም።

ክኒኑን በውሃ መዋጥ ከጀመረ ጥቂት ቀን ሆነው። አንድ ጠዋት እግሩ ፈታ አለለትና ጫማውን ራሱ አሠረ። «ወዴት ነው?» ብትለው፣ «እግሬ ሳይያዝብኝ ልድረስ» ብሎ ወጣ። ተከተለችው።

ባለቤቱ ከሩቅ አይቶት እጁን ዘረጋ። «ጋሼ! ተነሣህ! ወተቱ ሠራ ማለት ነው!»

«ልጄን ጥራልኝ። ከእንግዲህ እዚያ ክፍል አትገባም።»

«እንዴ! ሥራውን ማን ሊሠራልኝ ነው?»

«አንተ ግባበት።»

«እኔማ አልችልም፤ ሽታው ራሴን ያመኛል።»

ነገሩን አፉ ካወጣው በኋላ ነው የሰማው። ልጅቱ ዐይኗ ቀልቶ ከጓሮ ወጣች። አባቷ በሚንቀጠቀጠው እጁ ክንዷን ይዞ መንገድ ጀመረ። ሰውየው ከኋላ «ኧረ እንነጋገር!» እያለ ይጣራል።

ያኔ ሚስት ዞር አለችና፣ «ራስህን እግዜር ይማርልህ!» ብላው ልጇን ተከተለች።